ያልፈታሁት ጆንያ

ልጄ በስም እህቴ ነበረች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እኔ ደብሬ ቢያድግልኝ እባላለሁ፤ እሷ ደግሞ ማስተዋል ቢያድግልኝ። ቢያድግልኝ የእኔ አባት፣ የእሷ አያት ነው። አባት በአጠገቧ ሳይኖር የተወለደች ልጅ በእናቷ አባት ስም ስትጠራ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። ክርስትና ስናስነሳት ቄሱ «የማን ልጅ እንበል?» ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም መሬት መሬት ስናይ፣ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ «የእኔ ናት» አለ። በዚያው ጸና።

አሁን ገንዳ ውኃ መናኸሪያ አጠገብ ፉል ቤት አለኝ። ሾፌሩም፣ ደላላውም፣ ከማዶ ጦርነት ሸሽቶ የመጣው ሱዳናዊም ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ ነው ቁርሱን የሚበላው። ምላሷ ሹል ነው ይሉኛል። ውሸት አይደለም፤ ፉል ቤት ያለ ምላስ አይተዳደርም። ያኔ ግን ገና ልጅ ነበርኩ፤ የምኖረውም ሽንፋ ነበር። አዱኛ ከሚባል ሰሊጥ አምራች ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አልተጋባንም። «ሰሊጡ ይግባና ሽማግሌ እልካለሁ» ይለኛል። አንዱን ዓመት ዝናብ አበላሸው፣ በሌላው ዋጋው ወደቀ፤ ሽማግሌዎቹም ከሰሊጡ ጋር አብረው ቀሩ። በቆላ ስንቱ ትዳር ሰሊጥ ሲጠብቅ እንደሚያረጅ የአገሬ ሰው ያውቀዋል።

የአዱኛ እናት እማማ እታገኝ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ከዳባት ወደ ቆላ የወረዱ፣ አነጋገራቸው እስከ ዛሬ ደጋ ደጋ የሚል ሴት ናቸው። ማርገዜ ሲታወቅ አንድ ቀን ከጎረቤት ጋር ቆመው፣ እኔ እንድሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሽማግሌ ሳይላክባት የገባችን ሴት እኔ ምራቴ አልላትም» አሉ። ልብሴን ጠቅልዬ በትራክተር ተሳቢ ላይ ተሳፍሬ ገንዳ ውኃ ወዳለው አባቴ ቤት ሄድኩ። ክረምት ነበር፤ መንገዱን ጭቃ ውጦታል፣ ከትራክተር በቀር የሚያልፍ የለም። አዱኛ እርሻ ካምፕ ነበር። ሲመለስ ባዶ ቤት ጠበቀው።

በኋላ ደወለ። እሱ «ናና ውሰደኝ» እንድለው ጠብቆ ይሁን አላውቅም። እኔ ግን «መጥቼ ልውሰድሽ» እንዲለኝ ነበር የምጠብቀው። ስለ ዝናቡና ስለ አረሙ አውርተን ዘጋን።

ማስተዋል ጥር ላይ ተወለደች። በቤታችን እልል ያለ ሰው አልነበረም። ጎረቤት ሰምቶ «የማን ነው?» እንዳይል አክስቴ በጆሮዬ ጎንበስ ብላ ነው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለችኝ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ገና አራስ ቤት ሳለሁ ጋሻው የሚባል ትራክተር ነጂ ናፍጣ ሊቀዳ ከሽንፋ መጣና አፉ የተሰፋ ጆንያ በራችን ላይ አወረደ።

«ከነአዱኛ ቤት ነው» አለ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ «እሱስ?» አልኩት።

«እሱማ ሥራ ላይ ነው።»

ደሜ ፈላ። በእኛ አካባቢ ጆንያ ከተባለ ማሽላ ነው። ለቀን ሠራተኛውም፣ ለከብት ጠባቂውም የሚሰፈረው እሱ ነው። ሰው ልጁን ሊያይ እግሩን ሳያነሳ እንደ ቅጥር ሠራተኛ ማሽላ ሰፍሮ ይልክልኛል? «መልሰህ ውሰድ» አልኩት። ጋሻው ጆንያውን እንደ ተሰፋ ተሸክሞ ወጣ። ያን ዕለት የጀመረ ዝምታ ልጄ አንደኛ ክፍል እስክትደርስ ቆየ።

አባቴ ካቻምና ሰኔ ሞተ። በለቅሶው ድንኳን ማስተዋል እግሬ ሥር ተቀምጣ ነበር። የማያውቀን ለቀስተኛ ሁሉ ስሟን እየጠየቀ ራሷን ይዳብሳል፤ «አይዞሽ፣ የአባት ነገር ከባድ ነው» ይላታል። እሷ ቀና ብላ ታያቸዋለች። ማታ ፀጉሯን ስፈታላት፣

«እማ» አለችኝ፣ «አባቴ ከሞተ እንግዲህ ሌላ የለኝም ማለት ነው?»

በነጋታው ሳይሆን በሳልስቱ ማቄን እንደ ለበስኩ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄድኩ።

በፍርድ ቤቱ በር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰውዬ ጉዳዬን ሰምቶ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እህቴ» አለኝ፣ «አባትነቱ ከተረጋገጠ ቀለብ ብቻ አይደለም የሚመጣው። እሱም እንዳንች የልጅቱ ወላጅ ይሆናል። ልጄን ልውሰድ ቢል ፍርድ ቤቱ አልሰማህም አይለውም። አስበሽበታል?»

«አይመጣም» አልኩት። «ቀጠሮው ጥቅምት ላይ ነው። በጥቅምት ሰሊጡን ጥሎ የሚመጣ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ?»

ሰውዬው ሳቀና መጻፉን ቀጠለ። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገስም፤ በደረሰበት ሰሞን ካልታጨደ ፍሬው ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል። የዓመት ልፋት በጥቂት ቀን አፈር ይበላዋል። በዚያ ሰሞን ሰው እናቱ ብትሞትበት እንኳ ቀብሮ ወደ እርሻው ነው የሚሮጠው። እሱ ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ ማስረጃዬን ሰምቶ ይወስንልኛል፤ ልጄ የአባቷን ስም ታገኛለች፤ እሷ ግን ከእኔ ጋር ትኖራለች። ሒሳቤ ይህ ነበር። ነገሩን ከዚህ በላይ አላሰብኩትም።

በቀጠሮው ቀን ማስተዋልን አብራኝ ለምትሠራው ለሀዋ ትቼ ሄድኩ። ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ዳኛዋ ከጎንደር የመጣች፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ስማችን ተጠራ። «አቤት» ብዬ ስነሳ ከኋላዬ ሌላ «አቤት» ሰማሁ። ዞር ማለት አላስፈለገኝም፤ ድምፁን አውቀዋለሁ።

አዱኛ ከስቷል፤ ፊቱን ፀሐይ አክስሎታል። ጣቶቹ ሰሊጥ ከማጨዱ የተነሳ ጠቁረው የታጠቡ አይመስሉም። ከጎኑ እማማ እታገኝ በከዘራ ተደግፈው ቆመዋል፤ ዓይናቸው ፈዞ ግድግዳውን ነው የሚያዩት። ሰሊጡን ጥሎ መጣ። ለምን እንደ መጣ ሳልጠይቅ ልቤ ነገረኝ።

ዳኛዋ ክሱን አነበበችለት። «ሕፃኗ ልጅህ ናት ወይስ አይደለችም?» አለችው።

አዱኛ «ራሷ ልጅህ ናት ብላ ከከሰሰችኝ፣ ልጄ ናት» አለ። «ያን ጊዜ አይደለችም ያለችው እኮ እሷ ናት።»

«እኔ?» አልኩ፤ ሳይፈቀድልኝ።

«ተራሽን ጠብቂ» አለች ዳኛዋ። ወደ እሱ ዞረች። «መቼ ነው ያለችው?»

«እህሉን መልሳለች፣ ክብርት ዳኛ።»

«የምን እህል?»

ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ተንሾካሾኩ። ዳኛዋ አልገባትም፤ እውነት ለመናገር እኔም በደንብ አልገባኝም። አዱኛም አላብራራም፤ ያስመጣው ሌላ ነገር ነበር።

«አሁን ቀለብ ስጥ ተብያለሁ። እሰጣለሁ። ግን መልኳን ለማላውቃት፣ በሌላ ሰው ስም ለምትጠራ ልጅ ዓመት እስካመት ስሰጥ ልኖር ነው? ልጄ ከሆነች ትሰጠኝ። እናቴ ታሳድጋለች። ያሳደገ ወላጅ ይሁን።»

ጠረጴዛውን ያዝኩ። የዛፍ ሥሩ ጸሐፊ የነገረኝ ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ። ክሱን የከፈትኩት እኔ፣ ማስረጃ የለቀምኩት እኔ፣ ልጄን በገዛ እጄ ለቀማኛ የሰጠሁ መሰለኝ።

ዳኛዋ ግን አልቸኮለችም። «ልጅነቷን ካመንክ ምርመራ አያስፈልግም፤ አባትነትህ ተመዝግቧል» አለች። «ልጅ በጋብቻ ተወለደ ያለ ጋብቻ ተወለደ፣ በሕግ ፊት መብቱ አንድ ነው። ማን ዘንድ ትኑር የሚለው ግን የእናንተ የእልህ ጉዳይ አይደለም፤ የእሷ ጥቅም ነው የሚታየው። ሂዱና ተነጋገሩ። ካልተስማማችሁ እኔ እወስናለሁ።» ቀጠሮ ልትሰጥ ስትል አዱኛ እጁን አወጣ።

«ክብርት ዳኛ፣ ነገ ካልሆነ ሰሊጤ ይረግፋል።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት። ሕፃኗንም ይዛችሁ ኑ።»

ከችሎት ስወጣ ማንንም አላየሁም። ፉል ቤት እስክደርስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ጎንደር አጎት አለኝ። የከሰዓቱ ሚኒባስ ገና አልሞላም። መንገዱ ሰሞኑን ተከፍቷል፤ ነገ ይዘጋ ይሆናል። የማስተዋልን ሁለት ቀሚስና የትምህርት ቤት ቦርሳዋን በአንድ ሻንጣ ከተትኩ። ሀዋ ድስቱን እያጠበች ታየኛለች።

«ነገ ዳኛዋ ስትጠራሽ ምን ልበል?» አለችኝ።

«ታማለች በያቸው።»

«እኔ በሐሰት አልምልም፣ ደብሬ።»

«ማሪኝ እቴ፣ ማን መሐላ ጠየቀሽ?»

ሀዋ ድስቱን ደፍታ ወደ ጓዳ ገባች። ቅር ሲላት እንዲህ ናት፤ አትጨቃጨቅም። ማስተዋል «የት ነው የምንሄደው?» ትላለች፤ «አጎትሽ ጋ» እላታለሁ፤ «ትምህርት ቤትስ?» ትላለች። እጇን ይዤ፣ ሻንጣውን በሌላው እጄ አንጠልጥዬ ከበሩ ስወጣ ከደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ሰው ተቀምጧል። እማማ እታገኝ ናቸው። ብቻቸውን፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው።

«የደብሬ ፉል ቤት ይኸ ነው አሉኝ» አሉ ወደ ኮቴዬ ዞረው።

«ነው፣ እማማ። ምን ልታዘዝ?» ደረቅ ያለ ድምፅ ነበር የወጣኝ።

«ያጠገብሽ እሷ ናት?»

«አዎ።»

እጃቸውን ለመዘርጋት ቃጥተው መለሱት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ። ነገ በዳኛዋ ፊት ብጠይቅ ሰው ይስቅብኛል። ያን ጊዜ እህሉን ስትመልሽው ምኑ ከፋሽ?»

የሚኒባሱ ረዳት «ጎንደር፣ ጎንደር፣ ሁለት ሰው!» እያለ ይጮኻል። ቶሎ ለመገላገል ብዬ እንጂ መልስ መስጠቱን ፈልጌው አልነበረም።

«ማሽላ አላጣሁም ነበር፣ እማማ። ልጅዎ ራሱ መጥቶ ልጁን ይይ ብዬ ነው።»

«የምን ማሽላ?» አሉ።

«ጆንያው ነዋ።»

አሮጊቷ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። «ሳትፈችው ነው የመለስሽው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አልፈታሁትም።»

«ገብስ እኮ ነው የላክሁልሽ።»

ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ደገኛ አንባቢዬ ይህ ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። በእኛ ቆላ ገብስ አይበቅልም። የገብስ ገንፎ የሚበላው ደጋ ዘመድ ያለው፣ እሱም ዘመዱ ካሰበለት ነው። ገብስ ለቅጥር ሠራተኛ አይሰፈርም። አራስ ለሆነች ልጁ ወይም ምራቱ የሚጨነቅ ሰው ብቻ ነው ከዚያ ከላይ፣ መኪና እያስለመነ የሚያስወርደው።

«እህቴ ከዳባት ላከችልኝ» አሉ። «እኔ ለቅሜ፣ ቆልቼ አስፈጨሁት። አብሹና ቅቤው መሐሉ ነበር። አዱኛ ልሂድ ልሂድ ይለኛል፤ ቆይ አልሁት። ክፉ ቃል ተናግሬ ያስወጣሁሽ እኔ፣ የምታረቅሽም እኔ ነኝ ብዬ። ጋሻው ጆንያውን እንዳለ መለሰው። ጎረቤቶቼ ምን አሉኝ መሰለሽ? አራስ ያባቱን ወገን እህል ከመለሰች ልጁ የናንተ አይደለም ማለቷ ነው አሉኝ። እኔም ለልጄ ይኸንኑ ነገርሁት። ከዚያ ወዲህ አፉን ዘጋ፣ ሚስትም አላገባ።»

«ገብሱስ?» አልኩ። ከዚያ ሁሉ ነገር መሐል የጠየቅኩት ይህን ነው።

«ማን ይበላዋል? ነቀዝ በላው።»

እንባዬ መጣ። ጋሻውን ረገምኩት፣ ጎረቤቶቹን ረገምኳቸው፣ የጆንያውን ስፌት ረገምኩት። ከዚያ የሚረገም ሲያልቅብኝ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ልጅቱን እናቴ ታሳድጋለች ብሎ ዳኛዋ ፊት ተናገረ» አሉ እማማ እታገኝ። «እኔ ዓይኔ ይኸው እንደምታይው ነው፤ ድስት ከምድጃ ማውረድ ያቅተኛል። እሱ ክረምት ከበጋ ካምፕ ነው። ለማን ነው የሚወስዳት? እልህ ነው። ካንች ለይቼ ማሳደጉን አልፈልገውም። ብቻ እንዳላያት አትከልክይኝ። ይኸው ነው የመጣሁበት።»

ማስተዋል እጄን ጎተተች። «እማ፣ መኪናው ሊሄድ ነው።»

አሮጊቷ ጆሯቸውን ቀሰሩ። «መንገድ ልትሄጂ ነበር?»

«አይ፣ ዕቃ ልልክ ብዬ ነው» አልኩ። «ቀርቷል። ማስተዋል፣ ነይ፣ እማማን ሳሚ። አያትሽ ናቸው።»

ሳመቻቸው። እማማ እታገኝ ፊቷን በጣቶቻቸው ዳሰሱና ጆሮዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይኸ ጆሮ ከዳባት ነው የመጣ» አሉ። «የባሌ ነው። ተመኝቶት የሚያውቅ ሰው የለም።» ማስተዋል ሳቀች። ሚኒባሱ ሄደ። ሀዋ ከጓዳ ብቅ ብላ ሻንጣውን አነሳችና ወደ ውስጥ አስገባችው።

በማግሥቱ ከችሎቱ በፊት አዱኛ እናቱን ይዞ ለቁርስ መጣ። ትናንት እናቱ ሁሉን ነግረውታል፤ ከሁኔታው ያስታውቃል። ፉሉን ራሴ አቀረብኩለት።

«ማሽላ መስሎኝ ነው» አልኩት።

«እኔም አይደለችም ያልሽ መስሎኝ ነው» አለ።

ሌላ የሚባል ነገር ነበር፤ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ያልተባለ ነገር ቁርስ ላይ ተቀምጦ አያልቅም። ማስተዋል ዳቦ አመጣችለት። ማን እንደሆነ ገና አልነገርኳትም፤ እንዴት እንደምጀምረው ስፈራ ስቸር አድሬ ነው። ከጠረጴዛው ጥግ ቆማ ትኩር ብላ አየችው። እሱ ከፉሉ ላይ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እየለቀመ በሳህኑ ዳር ይደረድራል። እሷ ወደ እኔ ሮጣ መጣችና በሹክሹክታ፣

«እማ፣ ሰውዬው እንደ እኔ ሽንኩርት አይወድም» አለችኝ።

ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኝም ብዬ እዚያው ነገርኳት። «አባትሽ ስለሆነ ነው።» ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ሄዳ ከሳህኑ ዳር ያለውን ሽንኩርት በዳቦ ጠርጋ ወሰደችለት፤ ቤታችን ውስጥ እኔ ለእሷ የማደርግላትን። አዱኛ ጎንበስ ብሎ ቀረ፤ ፉሉንም አልጨረሰም።

ስምምነቱ ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ወደ ፍርድ ቤት በእግር ስንሄድ ስንጨቃጨቅ ነበር። እሱ ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን በሙሉ እኔ ዘንድ ትሁን አለ። እኔ ክረምት ካምፕ ወባ ነው፣ መንገድም የለም፣ ብትታመም በትራክተር ልታደርሳት ነው ወይ አልኩት። ድምፃችን ከፍ ሲል እማማ እታገኝ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ትምህርት ለጥቂት ቀን የሚዘጋ ጥር ላይም አይደለ? ሰሊጡ ተራግፎ፣ ተሸጦ፣ እሱም ቤቱ ይገባል። መንገዱም ደረቅ ነው። ያኔ ትምጣ። በዓልም ሲሆን ትምጣ። ክረምቱን ለናቷ ተውላት።»

ዳኛዋ ፊት የቀረበው ይኸው ነው። ማስተዋል ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ በጥር ዕረፍትና በበዓላት ሽንፋ ትሄዳለች፤ ትምህርቷንም ሕክምናዋንም ሁለታችን ተመካክረን እንወስናለን። ቀለቡን በየወሩ ማለት ለሰሊጥ ገበሬ ከባድ ስለሆነ ምርቱን ሲሸጥ የዓመቱን በስሟ ባንክ ያስገባል፤ እኔም በየወሩ አወጣለሁ። ዳኛዋ እያንዳንዱን ነገር ጠየቀች፣ ለማስተዋልም ለብቻዋ ጥቂት ጥያቄ ጠየቀቻት። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች።

«አንዳችሁ ሌላው ሳያውቅ ሕፃኗን ይዛችሁ ከአካባቢው እንዳትወጡ። ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ሲደነግጥ የማያደርገው የለም።»

ወደ እኔ አላየችም። ሻንጣውን ያየች ይመስል ግን ጆሮዬ ጋለ።

ሲያልቅ ስሟን አስተካክላ አነበበችው፤ ማስተዋል አዱኛ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ይልቅ አባቴ ትዝ አለኝ። ሁሉም ባፈረበት ቀን «የእኔ ናት» ያለ ሰው ነው። ስሙ ከልጄ ላይ ሲነሳ ዳግመኛ የቀበርኩት መሰለኝና ችሎት መሆኑን ረስቼ አለቀስኩ። አዱኛ ምክንያቱ ገባው። ስንወጣ፣

«መቃብሩን አሳዪኝ» አለኝ። «ላመስግነው ይገባኛል።»

ሰሊጡ እየረገፈበት ሄደን፣ ቆሞ፣ ተመለሰ። ያን ዕለት ልቤ ለእሱ ራራ።

ብዙ ሰው ይህን ስነግረው «ታዲያ ታረቃችሁ፣ ተጋባችሁ?» ይለኛል። አልተጋባንም። እንዲህ ያለ ታሪክ በሠርግ እንዲያልቅ የምትወዱ ይቅር በሉኝ። እኔና እሱ የሁለት ቤት ሰዎች ነን፤ የአንዲት ልጅ አባትና እናት ነን። ስለ ትምህርቷ እንደዋወላለን፣ ስንናደድም እንዘጋጋለን፣ ደግሞ እንደውላለን። ቀለቡ አንድ ጊዜ ዘግይቷል፤ በዚህ ጉዳይ ምላሴ እንዳልዶለዶመ አዱኛን ጠይቁት።

ግን አንድ ነገር ተለውጦብኛል። ድሮ ሰው የላከልኝን ነገር ከውጪው አይቼ ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳልፈታ አልመልስም። እናንተም በቤታችሁ፣ በሰው አማካይነት የመጣ፣ በንዴት የመለሳችሁት ነገር ካለ፣ ላኪው ገና በሕይወት ሳለ ሄዳችሁ ጠይቁት። መጠየቁ ያስፈራል፤ አውቃለሁ። እኔ አሮጊቷ ባይቀድሙኝ ኖሮ ልጄን ይዤ ጎንደር ነበርኩ።

ጥር ሲገባ ማስተዋልን ራሴ ወደ ሽንፋ ወሰድኳት። ላደርሳትና በዚያው መኪና ልመለስ ነበር። እማማ እታገኝ ግን «ግቢ፣ አትቁሚ» አሉኝ። ከጓዳ የሚወጣውን ሽታ ወዲያው አወቅሁት። ገንፎ ነው። ገብስ ከዳባት አስመጥተዋል፤ የጎረቤት ልጅ እያገላበጠችላቸው ነበር። መሐሉን ሰርጉደው ቅቤውን አፈሰሱና ሳህኑን በእጃቸው እየዳሰሱ ከፊቴ አስቀመጡት።

«ብይ» አሉኝ። «ያንች ነው። ዘገየ እንጂ።»

አንድ ጊዜ ጎረስኩ። ሁለተኛውን ለማስተዋል አጎረስኳት። አሮጊቷ በከዘራቸው እየተመሩ ወደ ደጃፉ ሄዱና ቆሙ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልል አሉ። ሦስት ጊዜ፤ ለሴት ልጅ እንደሚባለው።

ጎረቤቶች ከየቤታቸው ብቅ ብቅ አሉ። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት «እማማ እታገኝ፣ ማን ወለደ?» ስትል ሰማኋት።

«ደብሬ ወልዳ ነው» አሉ። «ሴት ናት። ኑ፣ ገንፎ ብሉ።»

ማስተዋል አገጯ በቅቤ ርሶ፣ ማን እንደ ተወለደ ለማየት ወደ ደጅ ሮጠች።